ክረምቱ ሲያልፍ ባትሪዎን ይመልከቱ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ የኤሌክትሪክ መሥመር ባልደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች ኩራዝን ካስወገዱት ነገሮች አንዱ የፀሐይ ኃይልና ባትሪው ነው። በከተማም ቢሆን መብራት ሲጠፋ ልጆች የሚያጠኑት በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ እናቶች ባትሪን የወንድ ሥራ ነው ብለው ይተዉታል። ቀኑን ሙሉ አብረውት የሚውሉት ግን እርስዎና ልጆችዎ ናችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን ክዳኑ እየተከፈተ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ነው። በውስጡ የእርሳስ ሰሌዳዎች ሰልፈሪክ አሲድና ውሃ ውስጥ ተነክረው ይገኛሉ። ባለ 12 ቮልቱ እያንዳንዳቸው 2 ቮልት ያህል የሚሰጡ 6 ክፍሎች አሉት። ክፍሎቹ እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ሲደክም ሌሎቹንም ያስቀራል።

የጎጃም ክረምት ለእህሉ በረከት ቢሆንም ለባትሪ ግን ክፉ ነው። ሰማዩ ከሰኔ ጀምሮ ስለሚጠቁር ባትሪው በቅጡ ሳይሞላ ይሰነብታል። በዚህ ጊዜ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ነጭ ነገር ይጋገራል፤ አሲዱም ወደ ታች ይዘቅጣል። መድኃኒቱ ማመጣጠኛ ቻርጅ ነው። ባትሪው ከሞላ በኋላ እስከ 15.5 ቮልት ገደማ ከፍ ተደርጎ ለጥቂት ሰዓታት ይቀጥላል። አስፈላጊ መሆኑ የሚታወቀው በአሲድ መለኪያ ነው። የሞላ ክፍል 1.265 ገደማ ያሳያል፤ በክፍሎቹ መካከል ከ0.030 በላይ ልዩነት ካለ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። በየሰዓቱ እየተለካ፣ ቁጥሩ መጨመሩን ሲያቆም ይቋረጣል። አምራቹ የጻፈው መጠን ካለ እሱ ይቅደም። ክዳኑ በማይከፈት ባትሪ ላይ ግን ይህ ፈጽሞ አይሞከርም። ሬዲዮውና አምፖሉም በከፍተኛው ቮልት እንዳይቃጠሉ አስቀድመው ይነቀሉ።

ይህን ባለሙያ ቢሠራው ይመረጣል። በሰሜን ሸዋ ሬማ በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ የፀሐይ ኃይል በየቤቱ ሲገባ የጥገና ባለሙያ ማሠልጠኛም አብሮ መከፈቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ ቤቱ የእርስዎ ነው።

በማመጣጠን ጊዜ ባትሪው እየፈላ ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ሽታ የለውም፤ በአየሩ ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ግን በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ስለዚህ የቡና ከሰል በተያያዘበት፣ ኩራዝ በበራበት ወይም ሕፃን በተኛበት ክፍል አይሠራ። በርና መስኮት ይከፈት። ጋዙ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከፍ ያለ ቀዳዳ የበለጠ ይረዳል። ቀለበትና አምባር ይውለቁ፤ ብረት ሁለቱን ጫፎች ካገናኘ እጅ ያቃጥላል። የነጠላ ጫፍም ይሰብሰብ፤ አሲድ የነካው ጥጥ ሲታጠብ ወንፊት ይሆናል።

የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የምንጭም ሆነ የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ ንጹሕ ቢሆንም ያለበት ማዕድን ሰሌዳውን ይጎዳል። ውሃ የጎደለበት ባትሪ ላይ አሲድ መጨመርም ስሕተት ነው፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። ሰሌዳው ከፈሳሹ በላይ ወጥቶ ካልታየ በቀር ውሃው የሚጨመረው ባትሪው ከሞላ በኋላ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልንገርዎ። አሲድ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ አልጋ ሥር ይቀመጣል። ሲያዩት ውሃ ይመስላል፤ ከጨዋታ የመጣ የተጠማ ልጅ ደግሞ አይጠይቅም። ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ! ማስቀመጥ ግድ ከሆነ፣ የመጠጥ ዕቃ ባልሆነና ምልክት ባለው ጄሪካን፣ በተቆለፈ ቦታ ይሁን። አንድ ልጅ ቢጠጣ እንዲያስታውክ አያስገድዱት፤ ሲወጣ ሁለተኛ ያቃጥላልና። አፉን አጉመጥሙጠው ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱት። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠቡ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ያረጀውን ባትሪ ለቆራሌው ሲሸጡም አሲዱን ጌሾውና ጎመኑ ሥር አይድፉት። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነውና እንዳለ፣ ሳይሰበር ይውሰደው።