የመጽሐፉ ሰዓትና የደጋው ድስት



ባልትና በአገራችን ከመጽሐፍ የሚቀሰም ሙያ አልነበረም። ልጅ ከእናቷ ጓዳ ገብታ፣ በርበሬ ቀንጥሳ፣ ሽንኩርት ልጣ፣ አብሲት ሲጣል አይታ ነው የተማረችው። ዛሬ ግን ብዙዎቻችሁ ከእናታችሁ ቤት ርቃችሁ ትሠራላችሁ። ከሥራ ስትመለሱ አጠገባችሁ ቆሞ «ይበቃዋል፤ አውርጂው» የሚል የለም። በ1961 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንደ ተቋቋመው የሆቴልና ቱሪዝም ማሠልጠኛ ካለ ተቋም ገብቶ መማርም ለሁሉ አይዳረስም። ስለዚህ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይገዛል።

በምሥራቅ ጎጃም በመርጡለ ማርያም ከተማ የምታስተምር አንዲት ወጣት መምህርት በሐሳባችን እንውሰድ። ለእሑድ ምሳ ዘመድ ጠርታለች። መጽሐፏን ገልጣ ቦሎቄ በሥጋ ልትሠራ ተነሣች። መጽሐፉ «አድሮ የተነከረውን ቦሎቄ 1 ሰዓት ቀቅሉ» ይላል። እርሷም ሰዓቷን አይታ በልኩ አወጣችው። እንግዶቹ ሲቀምሱት ፍሬው ገና ጥሬ ነው። አንዱ ዘመድ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «ትምህርት እንጂ ሙያስ የላትም» አለ። እርሷም ሰማች። ከሰሉ አለቀ፣ ሥጋው ባከነ፣ መጽሐፉም ሣጥን ውስጥ ገባ።

ጥፋቱ የማን ነው? የመምህርቷ አይደለም። ውሃ በባሕር ጠረፍ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ የመፍያው ሙቀት በየ300 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። ደብረ ማርቆስና መርጡለ ማርያም ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኙ ስለሆነ፣ በዚያ ውሃው የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱ ቢጨመር ውሃው ይበልጥ ይንተከተካል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። በመጽሐፍ 1 ሰዓት የተባለው ቦሎቄ ደጋ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ቢፈጅ የሚያስገርም አይሆንም።

ብዙዎቹ የምግብ መጻሕፍት ግን የተጻፉት በቆላማ ወይም በባሕር ዳርቻ ከተሞች ነው። በማንኪያና በኩባያ ልክ መስፈርን ለቤት እመቤቶች ያስለመደችው አሜሪካዊት ፋኒ ፋርመር እ.ኤ.አ. በ1896 መጽሐፏን ያሳተመችው በቦስተን ነው፤ ቦስተን የባሕር ወደብ ናት። ጁልያ ቻይልድም ከሁለት ፈረንሳውያት ጋር ሆና የፈረንሳይን የምግብ ጥበብ ለተራው ቤተሰብ ማድ ቤት ያበቃችበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲወጣ፣ የተፈተነው በዚያው በዝቅተኛው አገር ሙቀት ነው። ሙያው እውነተኛ ነው፤ ደቂቃው ግን ለእኛ ድስት የተለካ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ደንብ እንያዝ። በዘይትና በቅቤ የሚጠበስ ነገር ሰዓቱ ብዙ አይለወጥም። በውሃ የሚቀቀለው ግን ጊዜ ይጨመርለታል። የደረቀ ጥራጥሬ ከዋዜማው ይነከር፤ የተነከረበት ውሃ ይደፋ፤ ድስቱም ይከደን። በተለይ ቀይ ቦሎቄ በደንብ ሳይበስል ቢበላ ትውከትና ተቅማጥ ስለሚያስከትል በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ድረስ መቀቀል አለበት። ክዳኑ የሚጠብቀው በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ ድስት የተገኘ እንደሆነ፣ ሙቀቱን ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው ጊዜም ከሰልም ይቆጥባል። ኬክ ሲጋገር ደግሞ አየሩ ስለሳሳ ሊጡ ቶሎ ይነፋና መልሶ ይወድቃል፤ ስለዚህ በ1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ፋንታ ሦስት አራተኛውን ማድረግ ይበጃል። ለሕፃናት የሚጠጣ ውሃም ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ከመጽሐፉ የሚቀሰመው ዋናው ነገር የሰዓቱ ቁጥር ሳይሆን የአሠራሩ ሥርዓት ነው። የሆቴል ባለሙያ እሳት ከመለኮሱ በፊት አሠራሩን እስከ መጨረሻው ያነባል፤ ሽንኩርቱን ከትፎ፣ ቅመሙን ሰፍሮ፣ ዕቃውን በየቦታው ይደረድራል። ፈረንሳዮች ይህን «ሚዝ አን ፕላስ» ይሉታል። ከሥራ ደክማችሁ ስትመለሱ ይህች አንዲት ልማድ ብቻ ሽንኩርቱ እያረረ ጨው ፍለጋ ከመሮጥ ታድናችኋለች።

ሁለተኛው ምልክትን ማወቅ ነው፤ በዚህ በኩል እናቶቻችን ከማንም አያንሱም። ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲቁላላ ውሃው እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከመፍላት አያልፍም። ውሃው ሲመጠጥ ግን ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሽንኩርቱም ይቀላል፤ መዓዛውም ይለወጣል። እናቶቻችን «ቁሌቱ ደረሰ» የሚሉት ይህንን ነው። «ወጡ በስሏል» የሚሉትም ቅባቱ ከላይ ሲንሳፈፍ አይተው እንጂ ሰዓት ቆጥረው አይደለም። ቅቤ ማንጠርም ቢሆን የትልልቅ ሆቴሎች ባለሙያዎች የሚሠሩበት ጥበብ ነው፤ ውሃውና አተላው ስለወጣለት ቶሎ አያርም፣ ብዙ ጊዜም ሳይበላሽ ይቆያል።

ሦስተኛው መጻፍ ነው። ከመጽሐፉ ጎን እርሳስ ይቀመጥ። ቦሎቄው በስንት ሰዓት እንደ በሰለ፣ ውሃው ስንት ኩባያ እንደ ፈጀ በኅዳጉ ላይ ይመዝገብ። ይህን ሥራ ለሴት ልጅ ብቻ አትተዉት፤ ወንዱ ልጅም ሰዓት ይያዝ፣ ይስፈር፣ ይጻፍ። ባልም እሑድ ከሰል ከማቀጣጠል አልፎ ድስቱን ቢጠብቅ ክብሩ አይቀነስም።

ያቺ መምህርትም መጽሐፏን ከሣጥን ታውጣው። ከ«1 ሰዓት» ጎን «በመርጡለ ማርያም 1 ሰዓት ከ40» ብላ የጻፈች ዕለት፣ መጽሐፉ የአገሯ መጽሐፍ ይሆናል። ያን የተማው ዘመዷም ለሚመጣው እሑድ ምሳ ደግሞ ይጠራ፤ ከጉርሻው በፊትም ስለ ደጋው ውሃ ይነገረው።