ሾፌሩ ጡረታ አለው፤ ባለመኪናውስ?

ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ጫት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ አንድ አይሱዙ እንውሰድ። ሾፌሩ በቋሚነት የተቀጠረ፣ ባለመኪናውም ሕግ አክባሪ ነጋዴ ቢሆን፣ ከሾፌሩ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ ባለመኪናው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ጨምሮ ለጡረታ ያስገባል። ይህ ግዴታ በግል ድርጅቶች ላይ የተጣለው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዋጁ በቁጥር 1268 ተተክቷል። ሾፌሩ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት ሲሞላው በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ ይኖረዋል። በራሱ ሥራ የሚተዳደረውን ባለመኪና ግን ሕጉ አያስገድደውም። ታዲያ እርሱ 60 ሲሞላው ማን ይከፍለዋል?

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ቤት ሠርቻለሁ፣ ልጆች አሉኝ፣ ዕቁብም እጥላለሁ» የሚል ነው። መልሱ የሚናቅ አይደለም። ባንክ ሳይስፋፋ ብዙ ቤተሰብ ያቆመው ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ሦስቱም በአንድ ገበያ ላይ የተንጠለጠሉ መሆናቸው ልብ አይባልም። በጭሮ፣ በገለምሶ፣ በሂርናም ሆነ በበዴሳ የተሠራውን ቤት የሚከራየው በአብዛኛው ከጫትና ከቡና የሚኖር ሰው ነው። ዕቁብተኛውም የዚያው ገበያ ሰው ነው። ልጁም ቢሆን የሚሠራው በአባቱ ሱቅ ወይም በአባቱ መኪና ነው። ጫት በረከሰ ጊዜ ተከራዩ ኪራይ ያዘገያል፤ ዕቁብተኛው ተራውን ይዘላል፤ በዱቤ የወሰደውም ስልኩን ያጠፋል። ሦስት መተማመኛ ያለው የሚመስለው ነጋዴ ያኔ አንድ ብቻ እንደነበረው ይረዳል።

ጫት ደግሞ በአንድ ጀንበር ዋጋው የሚገለበጥ ዕቃ ነው። ለነገ ተብሎ መጋዘን አይገባም። ዝናብ ሲበዛ ይረክሳል፤ በበጋ ይወደዳል። ገበያው ራሱም በሌላ አገር ውሳኔ ሊዘጋ ይችላል። እንግሊዝ በሰኔ 2006 ዓ.ም. ጫትን ስትከለክል በዚያ በኩል የነበረው ንግድ በአንድ ቀን ቆሟል። በ2013 በጀት ዓመት አገሪቱ ከጫት የውጭ ሽያጭ ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ብታገኝም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ገቢው በእጅጉ ማሽቆልቆሉ ይታወሳል።

ጥሬ ብር ማስቀመጥም መፍትሔ አልሆነም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲቀየር በቤቱ ገንዘብ ያከማቸ ነጋዴ ምን ያህል እንደተጨነቀ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ባንክ ያስቀመጠውም ቢሆን አልዳነም። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወደ 7 በመቶ ከፍ ቢልም፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊዮን ብር በ7 በመቶ ወለድ በአምስት ዓመት 1.4 ሚሊዮን ይሆናል። ዋጋ በየዓመቱ በ20 በመቶ ብቻ ቢጨምር እንኳ፣ ያንኑ ዕቃ ለመግዛት ወደ 2.5 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል። ወለድ የማይቀበለው ሙስሊም ነጋዴ ጉዳቱ ይብሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅም፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወሩ ከ100 ብር በላይ ሆኗል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቅድሚያ የሚሰጠው ለኢንሹራንስ ነው። ብዙው ባለመኪና ያለው በሕግ የተገደደው የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ነው። ይህ የሚክሰው መኪናው ሌላ ሰው ላይ ያደረሰውን ጉዳት ነው እንጂ የተገለበጠውን መኪና ወይም የጠፋውን ጭነት አይደለም። አፎሻና ዕድርም ሬሳ ይቀብራሉ፤ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናሉ፤ የሟቹን የባንክ ዕዳ ግን አይከፍሉም። ለመኪናው ሙሉ መድን፣ ለባለቤቱ ደግሞ የሕይወትና የአካል ጉዳት መድን መግባት የንግዱ አንድ ወጪ ተደርጎ መቆጠር አለበት። በሃይማኖቱ ምክንያት ከመድን የራቀውም ተካፉል መፈቀዱን፣ ዘምዘምን የመሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮችም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ መከፈታቸውን ማወቅ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ከጫት ጋር የማይወድቅ ገቢ መፈለግ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ከ33 አክሲዮን ጀምሮ በቴሌብር ሲሸጥ፣ የጭሮ ሰው ከሱቁ ሳይነሳ በ9,900 ብር መግዛት ይችል ነበር። የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ይህ ሲባል ግን አክሲዮን የተባለ ሁሉ ይገዛ ማለት አይደለም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የባንክ ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ሲል፣ በምሥረታ ላይ ከነበሩ ባንኮች አንዳንዶቹ ሳይከፈቱ ቀርተዋል። ገዢው ድርጅቱ ሥራ መጀመሩን፣ ትርፍ ማከፋፈሉንና አክሲዮኑን መልሶ ለመሸጥ መንገድ መኖሩን ሳይጠይቅ ገንዘቡን ማውጣት የለበትም።

«ገንዘቤ በንግዴ ውስጥ ሲዞር ከአክሲዮን የበለጠ ያተርፋል» የሚል መከራከሪያ ይነሳ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያዞረው ሰው እስካለ ድረስ ነው። ሌሊት ተነስቶ የሚገዛው፣ ዋጋ የሚቆርጠው፣ ለማን ዱቤ እንደሚሰጥ የሚያውቀው ባለቤቱ ራሱ ነው። እርሱ የታመመ ዕለት ካፒታሉም አብሮት ይተኛል።

ስለዚህ ነጋዴው ለሾፌሩ ያደረገውን ለራሱም ያድርግ። ከንግዱ ለራሱ ወርሃዊ ደመወዝ ይወስን፤ ከዚያም ላይ 7ና 11 ተደምሮ የሚመጣውን 18 በመቶ በየወሩ ቆርጦ ከጫት ገበያ ውጭ ያስቀምጥ። ወሩ ቢከፋም እንዳይነካው፣ ለሾፌሩ የሚከፍለውን ያህል ዕዳ አድርጎ ይቁጠረው። በዛሬው ገበያ የሚያስቸግር ይመስል ይሆናል። ሆኖም በ60 ዓመቱ ሌሊት ተነስቶ ጫት ከመጫን ይሻላል።