ወይኑስ ተሰደደ፤ ወይን ለቃሚውስ?

ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ወይን ጠጅ የሚጻፈውን ስታነቡ አንድ ነገር ሳትታዘቡ አልቀራችሁም። ወሬው በእንጉርጉሮ ይጀምርና በምሥራች ያልቃል። ‹‹ፈረንሳይ ብትሞቅ ምን ችግር አለ? ወይኑ ወደ እንግሊዝ ይሻገራል!›› ዓይነት ምሥራች። እኔ ይህን ምሥራች አልቀበልም።

ጋዜጠኝነት የተማረ ሁሉ ገና ከበሩ ሲገባ የሚነገረው ‹‹ማን?›› ብለህ ጠይቅ ነው። ከዚህ ዜና ውስጥ የጠፋው ይኸው ጥያቄ ነው። ማን ሄደ? ማንስ ቀረ?

በመጀመሪያ ነገሩ ተረት እንዳይመስላችሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቡርጎኝ በሚባለው የፈረንሳይ ግዛት ቦን የምትባል ከተማ አለች። የወይን ለቀማ የተጀመረበት ቀን ከ1354 ጀምሮ ተመዝግቦ ይገኛል። ተመራማሪዎች መዝገቡን እስከ 2018 ድረስ መርምረው በ2019 ያወጡት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ1988 ወዲህ ለቀማው ከዚያ በፊት ከነበረው በአማካይ 13 ቀን ቀድሟል። ከ600 ዓመት በላይ የኖረ የቀን መቁጠሪያ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ተዛባ ማለት ነው።

ወይን በሙቀት ተጣድፎ ሲበስል ስኳሩ ይበዛል፣ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። ስኳሩ ሲብላላ አልኮል ስለሚሆን ጠጁም ይከብዳል። እውነት ለመናገር ሙቀቱ መጀመሪያ ላይ ደስ የሚል ነበር፤ በብርድ ሳቢያ ወይናቸው አልበስል ይላቸው የነበሩ አካባቢዎች ጥሩ ጥሩ ዓመታት አዩበት። ውሃ ሲወስድ ግን እያሳሳቀ ነው። በማርች 2021 ያለጊዜው የሞቀው አየር እምቡጡን ቀስቅሶ አወጣው፤ በኤፕሪል መጀመሪያ ውርጭ መጣና በመላ ፈረንሳይ የወይን እርሻዎችን ለበለበ። ‹‹ውርጭ ካለ ታዲያ ሙቀቱ የታል?›› ለምትሉ፣ እምቡጡን ለውርጩ አሳልፎ የሰጠው ሙቀቱ ነው።

በዚያው ዓመት ቦርዶ በዘር ምርጫዋ ላይ ያላትን ጥብቅ ሕግ ላላ አደረገች። ሙቀትንና በሽታን ይቋቋማሉ የተባሉ ስድስት ዝርያዎች ተፈቀዱ፤ አንዱ የፖርቱጋሉ ቱሪጋ ናሲዮናል ነው። አምራቹ ከእርሻው ከ5 በመቶ፣ ከቅልቅሉ ደግሞ ከ10 በመቶ በላይ ሊያደርጋቸው አይችልም። ገበሬው ዘር ቢቀይር አልፈርድበትም፣ ምን ያድርግ? የሚያናድደኝ ይህ ‹‹መፍትሔ›› ተብሎ ሲጨበጨብለት ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ጥፋተኛው ሜርሎ ነው እንዴ? ጥፋተኛውማ ነዳጅና ከሰል ነው። ዘሩን እየቀየሩ ጭሱን መተው፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ምንጣፍ መለወጥ ነው።

አሁን ወደ ‹‹ማን?›› እንመለስ። የሄደው ማን ነው? ስመ ጥሩ የሻምፓኝ ቤት ቴታንዤ በ2015 በእንግሊዝ ኬንት መሬት ገዛ፣ በ2017 ተከለ። ወይን ተክሎ ጠርሙስ እስኪሸጥ ዓመታት መታገሥ አለ፤ ያን ያህል የሚታገሠው ደግሞ ካዝና ያለው ነው። ሌላም አለ። ኬንት የበቀለው ወይን የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ‹‹ሻምፓኝ›› ተብሎ ሊሸጥ አይችልም፤ ስሙ የመሬቱ ነውና። ወይኑ ተሻገረ ትሉናላችሁ፤ ስሙ እንኳ አልተሻገረም!

የቀረውስ ማን ነው? የደቡብ ፈረንሳይ ገበሬ ነው። ድርቁ ሲበረታ፣ የወይን ጠጅ ጠጪም ሲቀንስ፣ መንግሥት በ2024 ወይኑን ለሚነቅል በሄክታር 4,000 ዩሮ አቀረበ። በኦገስት 2025 በኦድ አውራጃ የተነሣው ሰደድ እሳት ወደ 16,000 ሄክታር ገደማ አዳረሰ። የአካባቢው ሰዎች ድሮ እሳቱን መሐል ላይ ይገታልን የነበረው የወይን እርሻ ነበር፣ ተነቀለ ሲሉ አዘኑ። የቀረው ለቃሚውም ነው። በሴፕቴምበር 2023 በሻምፓኝ ለቀማ ላይ የነበሩ ሠራተኞች በዚያ ሐሩር ሞቱ፤ ለሞታቸውም ሙቀቱ ተጠረጠረ። እኛ ብርጭቆ አጋጭተን ‹‹እንኳን ደስ ያለህ›› የምንባባልበት መጠጥ ነው እንግዲህ።

‹‹እኛን ምን አገባን? የእኛ ጠጅ ከማር ነው›› የሚል አይጠፋም። ያገባናል። የቦርዶው ካስቴል ዝዋይ (ባቱ) ላይ ወይን ተክሎ በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች አወጣ። የመጣው ሙቀት አባሮት አይደለም፣ ገበያ ፈልጎ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አሳይቶናል። ገንዘብ ያለው ሜርሎን ከቦርዶ ስምጥ ሸለቆ ድረስ ማምጣት ይችላል። ከሐይቁ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬስ ውሃው ሲሸሽ ሐይቁን ተሸክሞ ወዴት ይሄዳል?

‹‹ታዲያ አይላመዱ ነው የምትይው?›› አይደለም። ይላመዱ! ግን ሒሳቡን ማን ይክፈል? ለቃሚው በቀትር ፀሐይ ሥራ ቢያቆም የቀን አበሉ ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ? ወይኑን የነቀለው ገበሬ በምትኩ የሚተክለው ነገር አለው ወይ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ጭሱ መቼ ነው የሚቆመው? ‹‹ወይኑ ይሻገራል›› የሚለው ምሥራች እነዚህን ጥያቄዎች የሚያስረሳን ማደንዘዣ ነው።

የወይን ሐረግ ተቆርጦ፣ በመርከብ ተጭኖ ሌላ አገር ይጸድቃል። ሰው ግን ቁርጥራጭ አይደለም፤ ቤት፣ ዕዳ፣ የአባት መቃብር አለው። በሚቀጥለው ጊዜ ‹‹ወይኑ አገር ቀየረ›› የሚል ዜና ስታነቡ እስከ መጨረሻው መስመር ሂዱና ፈልጉት። ለቃሚው የለም? እንግዲያው ዜናው ገና አልተጻፈም።