እረኛና ስካውት

በቡሬ አገር፣ «ልጄ ከብት ይጠብቃል፤ ስካውት የሚባለው የልጆች ማኅበር ምን ይጨምርለታል?» የሚል አባት አለ። ጥያቄው የሞኝ አይደለም። እረኛ ዱካ መለየትን፣ ዝናምን ከደመናው ማወቅን፣ እሳት ማንደድን መምህር ሳያሻው ያውቃል። ነገር ግን የሚጠብቀው የአባቱን ከብት ነው። ስካውት የሆነ ልጅ ግን ዘመዱ ላልሆነ ሰው በጎ ሥራ ይሠራ ዘንድ ቃል ይገባል፤ በገበያ ቀን እህል ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ባልቴት ቢያይ፣ የማን እናት እንደ ሆነች ሳይጠይቅ ሸክሟን ይቀበላታል።

የማኅበሩ መሥራች እንግሊዛዊው የጦር አለቃ ባደን ፓወል በ1899 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ሃያ ያህል ልጆችን በብራውንሲ ደሴት በድንኳን ሲያሰፍር፣ የባለጠጋውንና የሠራተኛውን ልጅ ባንድ ቡድን አደባለቀ። በአገራችንም ከ1928ቱ ወረራ አስቀድሞ በአዲስ አበባ ስካውቶች ነበሩ።

ስለዚህ ልጁ ይግባ እላለሁ፤ አባቱም ከብት የሚጠበቅበትን ቀን አስቀድሞ ከመምህሩ ጋር ይቁረጥ። ነገሩ ፊሽካ መንፋትና ያንገት መሐረብ ማሰር ብቻ ሆኖ የቀረ እንደ ሆነ ግን፣ ልጁን ወደ ከብቱ መመለስ ይሻላል።