«ብረት አለብህ?»

ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። የባሕር ዳርና የጎንደር አስፋልት ያልፍባታል፣ የደብረ ታቦሩም ከዚያው ይታጠፋል፤ ሩዝ የጫነ አይሱዙ፣ ባጃጅና ከብት ይጋፉበታል። እግሩ ውስጥ ብረት የገባለት ሰው አይታጣባትም። ወጌሻ አልሆን ብሎት ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ፣ ዛሬ ፎገራ ሜዳ ላይ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሩዝ የሚያርም ብዙ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከዓመታት በኋላ፣ ወገቡን አሞት «ኤም አር አይ ተነሣ» ሲባል ነው፤ ማሽኑ የሚሠራው በኃይለኛ መግነጢስ ነውና። መናኸሪያው ላይ ራጁን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር የያዘ በሽተኛ ብርቅ አይደለም፤ ስለ ገባለት ብረት ዓይነት የሚናገር ወረቀት ግን ከፌስታሉ አይወጣም። «ብረት አለብህ?» ሲባል አንዱ ምርመራው እንዳይቀርበት «የለብኝም» ይላል። ሌላው «አለብኝ» ብሎ ትራንስፖርቱን ከስሮ ይመለሳል።

የብረቱ ዓይነት ቢታወቅ ሁለቱም ባልሆነ ነበር። ዛሬ ለስብራት የሚገባው ፕሌትና ብሎን በአብዛኛው ታይታኒየም ወይም ማግኔት እምብዛም የማይስበው የማይዝግ ብረት ነው፤ ባለሙያው ዓይነቱን ካወቀ ብዙውን ጊዜ ምርመራውን አይከለክልም፣ ብረቱ ግን በዙሪያው ያለውን ምስል ያደበዝዛል። ክንድ ላይ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ኢምፕላኖንማ ጭራሽ ብረት የለውም። የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ የልብ ምት ማስተካከያ፣ አንዳንድ የቆየ የአንጎል ደም ሥር መቆንጠጫ፣ ዓይን ውስጥ የቀረ የብረት ፍንጣሪ፣ ሰውነት ውስጥ የቀረ ጥይት። ጥይቱን ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ማን ደፍሮ ይናገራል? ጠያቂው ለብቻ ወስዶ ይጠይቅ እንጂ።

አስታማሚውም ይጠየቅ። ከገጠር የመጣ በሽተኛ ብቻውን አይመጣም፤ ደጋፊው ጫፉ ብረት የሆነ ዱላውን እንደያዘ ሊከተል ይችላል። የ1.5 ቴስላ ኤም አር አይ ማሽን ከምድር መግነጢስ 30 ሺህ እጥፍ ያህል ይበረታል፣ ታካሚ በሌለበትም ጉልበቱ አይጠፋም። በ2001 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ማሽኑ የሳበው የኦክስጅን ሲሊንደር የ6 ዓመት ልጅ ገድሏል። በ2025 እዚያው ግዛት የሞተው ደግሞ ታካሚ እንኳ አልነበረም፤ ከባድ ሰንሰለት አንገቱ ላይ እንዳደረገ ሚስቱን ሊያነሣ የገባ ባል ነው።

ብረት የሚያስገባ ሆስፒታል ሁሉ የብረቱን ዓይነት፣ ሠሪውንና የገባበትን ቀን ጽፎ ለታካሚው ካርድ ይስጥ። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ቤት ድረስ በሚገቡበት አገር አንድ ቅጂ ብቻ አይበቃም፤ ሌላው ጤና ጣቢያው ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፣ ልጁም በስልኩ ፎቶ ያንሣው።