«ማንን ልክሰስ?» በብልሽት ዕቃ የሚጎዱ ሕፃናትና ላም አለኝ በሰማይ የሆነው ካሳ

ባለፈው ክረምት በአንድ እሑድ ጠዋት በሰፈራችን የምትኖር አንዲት እናት በሬን አንኳኳች። ያቀፈችው የአራት ዓመት ወንድ ልጇ ቀኝ ክንዱና ደረቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከተገዛ ሁለት ሳምንት ያልሞላው የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያ እጀታው ተነቅሎ የፈላው ውኃ ልጁ ላይ ተደፍቶበት ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት ይሉኛል። ማንን ልክሰስ?» አለችኝ።

ይዛው የመጣችውን ካርቶን አገላብጬ አየሁት። የንግድ ስም እንጂ የአምራቹ አድራሻ የለበትም። ደረሰኝ አልተሰጣትም። ባለሱቁ «እኛም ከጅምላ ነው የገዛነው» ብሏታል። እኔም ስድስት ኪሎ የሕግ ፋኩልቲ የተማርኩትን አስታውሼ «ሕጉ ካሳ ይሰጥሻል» አልኳት። እውነት ነው፤ ይሰጣል። «እሱማ ይስጥ፤ ከማን ላይ ነው የምቀበለው?» ስትለኝ ግን ወዲያው የምመልሰው አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ዝምታ ነው።

ጥያቄው የጋምቢያ ወላጆችም ነው

የዚህችን እናት ጥያቄ ከእኛ በፊት በከባድ ሐዘን ውስጥ ሆነው የጠየቁ አሉ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 2022 የዓለም ጤና ድርጅት በጋምቢያ የተገኙ አራት የሕፃናት የሳልና የጉንፋን ሽሮፖችን በሚመለከት ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሽሮፖቹ ሜይደን ፋርማሲዩቲካልስ የተባለ የህንድ ኩባንያ ምርት መሆናቸው ተገለጸ። በዚያች ትንሽ አገር ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት፣ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ፣ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽሮፕ ሲዘጋጅ መድኃኒቱን ለማሟሟት ፕሮፒሊን ግላይኮል ወይም ግሊሰሪን የሚባሉ ፈሳሾች ይገባሉ። በእነዚህ ቦታ ለፋብሪካ አገልግሎት ብቻ የሚውሉት፣ ዋጋቸውም ረከስ ያለው፣ ዳይኢትሊን ግላይኮልና ኢትሊን ግላይኮል ከገቡ ወይም ከተቀላቀሉ ውጤቱ መርዝ ነው። ጣዕማቸው ጣፋጭ፣ መልካቸውም ጥርት ያለ በመሆኑ እናት ቀርቶ ፋርማሲስቱም በዓይኑ ሊለያቸው አይችልም። ኩባንያው ጥፋቱን አልተቀበለም። የህንድ መንግሥትም የመረመርኳቸው ናሙናዎች ደረጃውን ያሟላሉ አለ። የጋምቢያ ወላጆች ግን በ2023 ፍርድ ቤት ሄዱ። የከሰሱትም አምራቹን ብቻ አልነበረም። አስመጪውን፣ የገዛ አገራቸውን የጤና ሚኒስቴርና የመድኃኒት ተቆጣጣሪውንም ጭምር ነው።

በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ መቅሰፍት በሁለት ሌሎች አገሮች ደርሶ ነበር። በኡዝቤኪስታን 68 ሕፃናት የሞቱበት ጉዳይ በየካቲት 2024 ውሳኔ ሲያገኝ፣ የአስመጪው ኩባንያ ኃላፊ የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ለእያንዳንዱ የሟች ቤተሰብም 80,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ካሳ ተወሰነ። በኢንዶኔዥያ ከ200 በላይ ሕፃናት ሞተዋል። በነሐሴ 2024 የጃካርታ ፍርድ ቤት አምራቹና የጥሬ ዕቃ አቅራቢው ለከሳሽ ቤተሰቦች እስከ 60 ሚሊዮን ሩፒያ፣ ማለትም 4,000 ዶላር ያልሞላ ገንዘብ እንዲከፍሉ አዘዘ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹን ግን ነፃ አወጣ። በጥቅምት 2025 ደግሞ በራሷ በህንድ፣ በማድያ ፕራዴሽ ግዛት፣ ኮልድሪፍ በተባለ የሳል ሽሮፕ ምክንያት ከ20 በላይ ሕፃናት መሞታቸውን ሰማን።

ልብ በሉ፤ የመርዙ ዓይነት አንድ ነው። የሕፃናቱ አሟሟትም አንድ ነው። የካሳው ልክ ግን ሃያ እጥፍ ተለያየ። ልዩነቱን የፈጠረው እያንዳንዱ አገር «ማን ይጠየቅ? በምን ያህል?» ለሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ያዘጋጀው ወይም ያላዘጋጀው መልስ ነው።

እኛስ ምን አዘጋጅተናል?

ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን አብዛኛውን መድኃኒትና የኤሌክትሪክ ዕቃ ከውጭ ታስገባለች። ስለዚህ ጥያቄው በቀጥታ ይመለከተናል። ደግሞም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2085 ላይ፣ ዕቃ ፈብርኮ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በአግባቡ ሥራ ላይ ሲውል ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ቁጥር 2086 ደግሞ አምራቹ «ጥፋት አልሠራሁም» በማለት ብቻ እንዳያመልጥ በሩን ይዘጋበታል። የአውሮፓ አገሮች ይህን የመሰለ የጋራ መመሪያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። እኛ በወረቀት 25 ዓመት ቀድመናቸዋል።

እርግጥ ቁጥር 2085 በንዑስ ቁጥር 2 አንድ ማምለጫ ትቷል። ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል ከነበረ አምራቹ አይጠየቅም። በሽሮፕ ውስጥ የተቀላቀለ መርዝ ወይም በእጀታ ውስጥ የተደበቀ ደካማ ብሎን በተለመደ ምርመራ ይታወቃል የሚል ዳኛ ይኖራል ብዬ ግን አላምንም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? በእኔ እምነት ሦስት ቦታ ላይ ነው።

አንደኛ፦ ተጠያቂው ባሕር ማዶ ነው

ቁጥር 2085 የሚናገረው ስለ አምራቹ ነው። ሕጉ ሲረቀቅ በአእምሮ የነበረው ፋብሪካው እዚሁ፣ ንብረቱም እዚሁ ያለ አምራች ይመስላል። ዛሬ አምራቹ ያለው ሙምባይ ወይም ጓንዡ ነው። እዚህ ቢፈረድበት እንኳ የሚያዝ ንብረት የለውም። ፍርዱን ተሸክሞ እሱ አገር ድረስ ሄዶ ማስፈጸም ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይህን ክፍተት ለመድፈን ሞክሯል። ሸማቹ ካሳውን ከአምራቹ፣ ከአስመጪው፣ ከጅምላ ነጋዴውና ከቸርቻሪው በተናጠል ወይም በአንድነት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ነጋዴው ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበትም ይናገራል። ግሩም ነው። ነገር ግን ደረሰኙ በሌለበት ሰንሰለቱ ከመጀመሪያው ቀለበት ላይ ይበጠሳል። ቸርቻሪው «እኔ አልሸጥኩም» ካለ እናቲቱ በምን ታስረዳለች? አዋጁን እንዲያስፈጽም የተቋቋመው ባለሥልጣንም በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል።

ሁለተኛ፦ አንድ ሺሕ ብር

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2116 ለህሊና ጉዳት የሚከፈል ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጅቷል። ሕጉ በወጣበት ዘመን ይህ ገንዘብ ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ 1,000 ብር አሥር ዶላር አይሞላም።

«ጣሪያው ለህሊና ጉዳት ብቻ ነው፤ ለቁሳዊ ጉዳት ገደብ የለም» የሚለኝ የሙያ ባልደረባ አይጠፋም። ልክ ነው። ለተቃጠለው ልጅ የሕክምናው ወጪ ሙሉ በሙሉ ይታሰባል። መድረሱ እርግጠኛ የሆነ የወደፊት ጉዳትም በቁጥር 2092 መሠረት ይካሳል። ነገር ግን ደመወዝ የሌለው፣ ገና ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ወደፊት ምን ሊያገኝ ይችል እንደነበር እንዴት ተደርጎ ይሰላል? በቁጥር 2102 መሠረት ዳኛው በርትዕ መወሰን ይችላል። ይህም ማለት አንዱ ችሎት የሚሰጠውን ሌላው ላይሰጥ ይችላል። ሕፃኑ ከሞተማ የባሰ ነው። ወላጆቹን ይጦር ያልነበረ ልጅ በመሞቱ ወላጆቹ ከሕክምናና ከቀብር ወጪ በላይ ቁሳዊ ኪሳራ ማስረዳት ይከብዳቸዋል። ከዚያ በላይ ያለው የአንጀት መቃጠል ሁሉ በዚያች አንድ ሺሕ ብር ውስጥ ይጠቃለላል። ነገሩን በግልጽ ካስቀመጥነው፣ በሕጋችን ሒሳብ ሕፃን መግደል አካሉን ከማጉደል ሊረክስ ይችላል።

ሦስተኛ፦ ሁለት ዓመት

በቁጥር 2143 መሠረት ተጎጂው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ መብቱ በይርጋ ይታገዳል። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ረዘም ያለ ከሆነ በዚያው ይታሰባል። ተጎጂው ሕፃን ነው ብሎ ጊዜውን የሚያራዝም ንዑስ ቁጥር ግን በዚህ ድንጋጌ ውስጥ የለም። ወላጅ በሐዘን፣ በሕክምና ደጅ ጥናትና በድህነት ሁለቱን ዓመት ካሳለፈ የሚቀጣው ልጁ ነው።

ይርጋ ምን ያህል ጨካኝ ሊሆን እንደሚችል የታሊዶማይድ ታሪክ ያሳያል። ይህ የጀርመን መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 ለነፍሰ ጡሮች ጭምር ሲሰጥ ቆይቶ በሺሕ የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። የስፔን ተጎጂዎች በ2013 ማድሪድ ውስጥ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ረቱ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2015 ክሱ በይርጋ ታግዷል በማለት በመጨረሻ ዘጋባቸው። ያን ጊዜ ሕፃናቱ የሃምሳ ዓመት ጎልማሶች ነበሩ። ጉዳታቸው አሁንም አብሯቸው ነበር፤ መብታቸው ግን አልነበረም።

ምን ይደረግ?

አስመጪዎችንና ቸርቻሪዎችን ማስጠየቅ ኑሮ በተወደደበት በዚህ ጊዜ ዋጋ ያንራል የሚል ክርክር ይነሳል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው በአንድ ፍርድ ሊዘጋ ይችላል። ነገር ግን ወጪው ዛሬም አለ። የሚከፍለው የተቃጠለው ልጅና እናቱ ስለሆኑ ብቻ በዋጋ ላይ አይታይም። ወጪውን በብዙ ሺሕ ገዢዎች መካከል በሳንቲም ለማከፋፈል ደግሞ መድን የሚባል ነገር አለ።

ከአውሮፓው መመሪያ የምንወስደው አንድ ቀላል ሐሳብ አለ። አስመጪው እንደ አምራች ይቆጠራል። አምራቹ ካልታወቀ ቸርቻሪው ይጠየቃል፤ ከማን እንደገዛ በተገቢ ጊዜ ካሳወቀ ግን ነፃ ይወጣል። ይህ ደንብ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ በግልጽ ቢገባ ቸርቻሪው የራሱን ደረሰኝ አጥብቆ መያዝ ይጀምራል። ከዚህ ጋር የ1,000 ብሩ ጣሪያ መነሳት፣ ለሕፃናትም ይርጋው ቢያንስ አካለ መጠን እስኪደርሱ መቆም አለበት። ሦስቱም ለሕግ አውጪው ከባድ ሥራ አይደሉም።

እስከዚያው ድረስ ያለውን እንጠቀም። አቅም የሌለው ወላጅ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች መሠረት የዳኝነት ሳይከፍል በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል። በአንድ ዕቃ ብዙ ሕፃናት ከተጎዱም በቁጥር 38 መሠረት አንዱ ስለ ሁሉም ሊከስ ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን ማስረጃ ይያዝ። ዕቃውን፣ ካርቶኑን፣ የመድኃኒቱን ጠርሙስና የምርት መለያ ቁጥሩን፣ የሐኪም ማስረጃውን አስቀምጡ። ሱቁ «ሌላ እንቀይርልዎ» ቢል የተበላሸውን ዕቃ አትስጡ። ቸርነት የሚመስለው ነገር ማስረጃውን ከእጃችሁ የሚያወጣ ነውና።

ይህን ምክር ለጎረቤቴ የነገርኳት ዘግይቼ ነበር። እኔ ዘንድ በመጣችበት ጠዋት ማፍያውን መልሳ፣ በለውጡ አዲስ ተቀብላለች። በእጇ የቀረው ካርቶኑ ብቻ ነው። የልጁ ፋሻ ወልቋል፤ ጠባሳው ግን ደረቱ ላይ አለ። ሁለት ዓመቱም መቁጠር ጀምሯል።