ስለ ተማሪ ቤት መዝጊያ በዓልና ስለ ልጆች ካርድ

የሰኔ ወር ሲያልቅ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ቤቶች የዓመቱን ሥራ ፈጽመው ይዘጋሉ። በዚያ ቀን ወላጆች ይጠራሉ፤ ሕፃናቱ ያጠኑትን መዝሙርና ጨዋታ ያሳያሉ፤ ብልጫ ያገኙት ይሸለማሉ፤ ከሁሉ በኋላም ካርድ ይታደላል። ይህ በዓል ለትልቅ ሰው ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነገር ነው፤ ለሕፃኑ ግን የአሥር ወር ድካሙ በሰው ፊት የሚታይበት ስለ ሆነ ከዓመት በዓል የማያንስ ቀን ነው። ስለዚህ ዛሬ ወላጆች በዚያ ቀን ሊያደርጉት ስለሚገባው ነገር ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ።

የትምህርትን ፍጻሜ በደስታ መቀበል ለአገራችን አዲስ ልማድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፊደልንና አቡጊዳን፣ የሐዋርያን መልእክትና የዮሐንስን ወንጌል አልፎ 150ውን መዝሙር የጨረሰ ልጅ «ዳዊት ደገመ» ይባልና፣ እንደ ወላጆቹ አቅም ጠላ ተጠምቆ፣ እንጀራ ተጋግሮ፣ ጎረቤት ይጠራለታል፤ መምህሩም እጅ መንሻውን ተቀብሎ ይመርቃል። በዚያ ድግስ ላይ «ልጁ ስንተኛ ወጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። አንዱ ፈጥኖ፣ ሌላው ዘግይቶ ይጨርሳል፤ የጨረሰ ሁሉ ግን ጨረሰ ይባላል። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤት ተከፍተው ዘመናዊው ትምህርት እየተስፋፋ በሄደ ጊዜ ግን ተማሪው በክፍል ተመድቦ፣ ዕውቀቱ በቁጥር ተመዝኖ፣ ከጓደኛው ጋራ መወዳደር የተለመደ ሆነ። መወዳደሩ መልካም ነው፤ ሰነፉን ያነቃል፣ ትጉውን ያበረታል። ጉዳቱ ከደረጃ በቀር ሌላ ጥያቄ ያስረሳን እንደ ሆነ ነው።

አንድ ምሳሌ ልናገር። 60 ልጆች ባሉበት ክፍል የምትማር አንዲት ልጅ በአንደኛው መንፈቀ ዓመት አማካይ ውጤቷ 58 ሆኖ 31ኛ ወጣች እንበል፤ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አማካይዋ 66 ሆኖ ሳለ ደረጃዋ 34ኛ ሆነ። አባቷ ደረጃውን ብቻ ተመልክቶ «ወደ ኋላ ቀረሽ» ያላት እንደ ሆነ ያለ ጥፋቷ ፈረደባት። ልጅቱ 8 ነጥብ ጨምራለች፤ ጓደኞቿም አብረዋት ተግተዋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። እንዲህ ያለችው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ብትሰንፍ ማን ይወቅሳታል?

ይልቁንም በካርዱ ላይ አባቶች የማያነቡት ሌላ መስመር አለ፤ ይኸውም ልጁ ከትምህርት የቀረበት ቀን ቁጥር ነው። በዚያ መስመር 15 ቀን ተጽፎ የተገኘ እንደ ሆነ ልጁ በነዚያ ቀኖች የት እንደ ዋለ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ መልሱ ከጠያቂው ዘንድ ይገኛል፤ ሕፃን እንዲጠብቅ፣ ውሃ እንዲቀዳ፣ በሱቅ እንዲቀመጥ ብሎ ያስቀረው ራሱ ወላጁ ነውና። ካርድ ምስክር ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ዳኛ እንኳ ምስክሩን ሰምቶ አይበቃውም፤ ባለጉዳዩንም ይጠይቃል። ካርዱን ገና ከበር ሳለ ነጥቆ አይቶ በትር የሚያነሣ አባት ግን ማንንም ሳይጠይቅ የሚፈርድ ነው።

በዚህ ዓመት በአንድ የመንግሥት ተማሪ ቤት በዓል ላይ ተገኝቼ ነበር። ዝናም ስለ ነበረ ወላጆች በድንኳን ውስጥ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ልጆቹ ስለ አንድ ስስታም ነጋዴ አጭር ትያትር አሳዩ፤ ነጋዴውን የሠራው ልጅ ሰው ሠራሽ ጢሙ በዝናሙ ርሶ ቢወድቅበት በእጁ ይዞ ንግግሩን ስለ ጨረሰ ሁሉም በጣም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ሳይቀር የተማረ የአራተኛ ክፍል ልጅ ለሽልማት ተጠራ። ሽልማቱ ሁለት ደብተርና አንድ እስክርቢቶ ነበር። ልጁ ግን ሽልማቱን ሲቀበል ዓይኑ ወደ ደጁ ነበር። ርእሰ መምህሩ «ወላጁ ይምጡና ከልጃቸው ጋራ ይቁሙ» ቢሉ የሚነሣ ሰው ታጣ። በመጨረሻ የተማሪ ቤቱ ዘበኛ ካባቸውን እያራገፉ ገቡና «በየጥዋቱ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ» ብለው አጠገቡ ቆሙ። መምህርቱን ቀርቤ ብጠይቃት «ጌታዬ፣ እናትና አባቱ ተለያይተዋል፤ አባትየው እናቱ ትሄዳለች ብሎ፣ እናቲቱም ዘንድሮ ተራው የእሱ ነው ብላ ቀሩ» አለችኝ።

እንዲህ ያለውን ነገር በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ ከወረቀቱ በኩል አየዋለሁ። የቀለብ ክስ ሲመጣ ባልና ሚስት የነበሩት ሰዎች ስለ ገንዘቡ ልክ ብዙ ይከራከራሉ፤ የልጁን ክፍል ሲጠየቁ ግን አንዱ «ሦስተኛ»፣ ሌላው «አራተኛ» የሚሉበት ጊዜ አለ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ቀለብ ማለት ምግብ ብቻ እንዳልሆነ፣ መኖሪያንና ልብስን፣ ጤናንና ትምህርትንም እንደሚጨምር ይናገራል። ገንዘቡም የሚወሰነው እንደ ጠያቂው ችግርና እንደ ሰጪው አቅም ነው። ሕጉ ግን በድንኳን ውስጥ መጥቶ መቀመጥን ሊያስገድድ አይችልም፤ ይህ ለወላጅ ኅሊና የተተወ ነው። የተለያዩ ወላጆች አንድ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ቢከብዳቸው አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ቢቀመጡ ማንም አይነቅፋቸውም፤ ልጁ ሁለቱንም አየ ማለት ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ መዋዕለ ሕፃናት ምርቃት አንድ ቃል ልጨምር። ገና ፊደል የለየ ሕፃን የዩኒቨርሲቲ ካባና ቆብ ለብሶ ፎቶግራፍ ሲነሣ ማየት ያስደስታል፤ ነገር ግን ለካባው ኪራይና ለድግሱ የሚጠየቀው መዋጮ ድኻይቱን እናት ካስጨነቀ፣ በመዝሙርና በዳቦ ቢያልፍ ሕፃኑ የጎደለበት ነገር መኖሩን አያውቅም።

ከሁሉ ይልቅ ልንጠነቀቅለት የሚገባን የስድስተኛ ክፍል ልጅ ነው። በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በስድስተኛ ክፍል ያበቃል፤ ሰባተኛና ስምንተኛ መካከለኛ ደረጃ ተብለዋል። ስለዚህ ብዙ ልጅ የለመደውን ግቢና መምህር ትቶ ወደ ሌላ፣ ምናልባትም ወደ ራቀ ተማሪ ቤት መሄድ አለበት። «ተዛውሯል» የሚል ካርድ ተቀብሎ በመስከረም የትም ሳይመዘገብ የሚቀር ልጅ፣ ከዚያ በኋላ የሚፈልገው መምህር አያገኝም፤ የቀድሞው «ሸኝቼዋለሁ» ይላል፤ አዲሱ ስሙንም አያውቅ። እንግዲህ ካርዱ በእጅ እንደ ገባ መዝገቡ የሚከፈትበትን ቀን ከርእሰ መምህሩ ጠይቆ ማወቅ፣ ካርዱንም ከልደት ማስረጃው ጋራ በደኅና ቦታ ማኖር ይገባል።

የቀለብ ገንዘብ የተቋረጠባት ወይም ያነሳት እናትም ብትሆን ነገሩን ለመስከረም አታቆየው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ ጀምሮ ለክረምት ዕረፍት ስለሚዘጉና በዚያ ጊዜ በተረኛ ችሎት የሚታየው አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ስለ ሆነ፣ የመመዝገቢያውን፣ የጫማውንና የመጓጓዣውን ወጪ ዘርዝራ፣ የልጁን ካርድ ቅጂ አያይዛ አቤቱታዋን በሐምሌ ውስጥ ብታገባ ይሻላታል።